ስለ ጓሮ ቀርከሃ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አጥር ጥግ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ የሚሆን ቀርከሃ ልተክል ነው። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ከስሩ ይጀምሩ። አንዳንዱ ቀርከሃ ባለበት እየተጠጋጋ ይበዛል፤ ፋርጌሲያ እንደዚያ ነው። ፊሎስታኪስ የሚባለው ወገን ግን ከአፈር በታች ይሮጣል፤ ጎረቤት ግቢ ድረስ ሄዶ ብቅ ይላል። ሯጩን ከመረጡ ዙሪያውን ከ60 እስከ 70 ሴንቲሜትር ቆፍረው ወፍራም የፕላስቲክ መከለያ ይቅበሩ። 5 ሴንቲሜትር ያህል ከመሬት በላይ ይትረፍ፤ ስሩ ሊዘል ሲል ይታያል፣ ያኔ ይቆርጡታል። መጋጠሚያው ላይ ክፍተት ከቀረ ልፋትዎ ከንቱ ነው። በየዓመቱም ዳር ዳሩን እየዞሩ ይዩ። መከለያ ቀብሮ መርሳት አይቻልም።

ጥያቄ፦ የኔ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ የትኛው ቅጠል? መቼ? ሁሉም ነው ወይስ ጥቂቱ? እንዲህ ተጠይቆ እንዴት ይመለሳል? አሮጌው ቢጫ ሆኖ እየረገፈ አዲስ ከተተካ ጤነኛ ነው። ቅጠሉ ከተጠቀለለ ውሃ ያጠጡት።

አንድ አባል፦ እኔ የረገፈውን ሁሌ ጠርጌ እጥላለሁ።

ሌላ አባል፦ ኧረ ተዉት! እርጥበት ይይዛል፣ ሲበሰብስም አፈሩን ይመግባል።

አንድ አባል፦ ቀንድ አውጣ እኮ ነው የሚሰበስበው! ለጋውን ቡቃያ ጨረሰብኝ።

መልስ፦ ቅጠሉ ይቆይ፤ ቀንድ አውጣውን በእጅ ይልቀሙ። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ጥያቄ፦ የወጣው አገዳ ቀጭን ነው። እያደር ይወፍራል?

መልስ፦ አይወፍርም። አገዳ ከመሬት ሲወጣ የያዘው ውፍረት የዕድሜ ልኩ ነው። ቁመቱንም በጥቂት ወራት ይጨርሳል። ስሩ ሲጠነክር በቀጣዮቹ ዓመታት የሚወጡት ናቸው የሚወፍሩት። ለዚህ ነው ቀጭኑን አትቁረጡ የምለው፤ ስሩን የሚቀልበው የሱ ቅጠል ነው። ጫፉ የተቆረጠ አገዳ ደግሞ ዳግም ወደ ላይ አያድግም። አጥርዎን በፈለጉት ቁመት ማስቀረት ይችላሉ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ አበባ አለው?

መልስ፦ ብዙው ዝርያ በአሥርተ ዓመታት አንዴ ያብባል። አይጠብቁት።

ጥያቄ፦ ቦታዬ ሰፊ ነው። ሯጩን ያለ መከለያ ብተክለውስ?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል፣ እባካችሁ አንብቡ። ሯጭ ከሆነ መከለያ! ሰፊውም ቦታ ይሞላል። መቆፈር ከከበደዎት ባለበት የሚበዛውን ይግዙ። ሻጩ «አይሮጥም» ስላለ ብቻም አይውሰዱ፤ የዝርያውን ሙሉ ስም ይጠይቁ።