«ፕላስቲክ ይመስላል» ለተባለው ሥራሽ

ሰላም እህቴ፣

ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው። ለጌም የሚሆኑ ፕሮፖችን (ጨዋታው ውስጥ የሚታዩ ዕቃዎችን) በነጻው የ3ዲ ሶፍትዌር በብሌንደር ስትሠሪ ቆይተሻል። ፖርትፎሊዮሽን ለብዙ ስቱዲዮዎች ልከሽ አንዱ ብቻ መለሰልሽ፤ እሱም «ሞዴሉ ጥሩ ነው፣ ቴክስቸሩ ግን ፕላስቲክ ይመስላል» አለሽ፤ ሞዴሉን የሚያለብሰውን የገጽ ምስል ማለቱ ነው። ውድ ሶፍትዌር ልግዛ? ሁሉንም በ4ኬ (4096 በ4096 ፒክሰል በሆነ ምስል) ልሥራው? ወይስ ሙያውን ልተወው? ብለሻል።

በፍጹም እንዳትተይው። አብዛኛው አመልካች እንዲህ ያለ መልስ እንኳ አያገኝም። ሞዴሉ ጥሩ ነው ከተባልሽ ቅርጹንና መጠኑን ችለሽዋል ማለት ነው። የቀረሽ ነገር በልምምድ የሚመጣ ነው።

የላክሽልኝን ቀይ የብረት መሣሪያ ሳጥን ደጋግሜ አየሁት። ጠርዞቹ በሙሉ ተልጠዋል። ከላይም ከታችም ከኋላም፣ ሁሉም እኩል። ጠርዝ ፈልጎ በሚያገኘው በፖይንትነስ የሠራሽው ይመስለኛል። መነሻ ይሆናል፣ ግን እዚያ ላይ ማቆም የለብሽም። ሥራ የሚያይ ሰው ይሄንን በአንድ እይታ ነው የሚለየው።

እስቲ የሳጥኑን ባለቤት አስቢው። ሲያነሳው እጀታውን ይይዛል። መቆለፊያውን በአውራ ጣቱ ይገፋዋል። ሲያስቀምጠው የታችኛው ማዕዘን ከወለሉ ጋር ይፋተጋል። ቀለሙ መላጥ ያለበት እዚያ እዚያ ነው። ከኋላ ማጠፊያው አካባቢ ማንም አይነካውም፤ ቀለሙ እንዳለ ይቆያል፣ አቧራ ይሞላበታል እንጂ። አቧራው ራሱ ደግሞ ወደ ላይ በዞረ ገጽ ላይ ነው የሚተኛው። አንቺ ጎኖቹ ላይም እኩል በትነሽዋል።

የተላጠውን ቦታ ጠጋ ብለሽ እዪው። ቀይ ቀለሙ እንዳለቀ ወዲያው የሚያብረቀርቅ ብረት አይመጣም። ብዙ ጊዜ ከሥሩ ዝገት የሚከላከል የአንቲረስት ቅብ አለ፤ ቀጭን ግራጫ ወይም ቡናማ መስመር ሆኖ ይታያል። ከዚያ ብረቱ። ጭረቱ አዲስ ከሆነ ያብለጨልጫል፣ ከቆየ ይጠቁራል ወይም ይዝጋል። አንድ ሳጥን ላይ አዲስም አሮጌም ጭረት ካለ፣ ዕቃው ለዓመታት እንደተሠራበት ተመልካቹ ሳይነገረው ይገባዋል። እኔ ፕሮፕ ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው ይህንን ነው።

አሁን ፕላስቲክ ወዳስባለው ነገር ልምጣ። ራፍነስ ማፕሽን፣ ማለትም ገጹ የት እንደሚያብረቀርቅና የት እንደሚፈዝ የሚወስነውን ምስል፣ ስከፍተው ሳጥኑ በሙሉ አንድ ዓይነት ግራጫ ነው። ስለዚህ ብርሃኑ የትም ቢያርፍ እኩል ያንጸባርቃል፤ አዲስ ፕላስቲክ ደግሞ የሚመስለው ልክ እንዲህ ነው። የጣት ቅባት የነካው መቆለፊያ ትንሽ ሊያብረቀርቅ ይገባል። አቧራ ያለበት ፈዘዝ ይበል። ዝገቱ ጭራሽ አያንጸባርቅ። ራስሽን መፈተን ከፈለግሽ ቤዝ ከለሩን (የዕቃውን መሠረታዊ ቀለም) በአንድ ተራ ግራጫ ተኪውና መብራቱን ዙሪያውን አዙሪው። ሳጥኑ ከምን እንደተሠራና የት የት እንደተነካ ካላስታወቀ፣ ቀለሙን ብትመልሺውም አያድነውም። ጊዜሽን ሁሉ እዚህ ላይ ብታጠፊው አይቆጨኝም።

የቱ ቦታ ብረት (1)፣ የቱ ብረት ያልሆነ (0) እንደሆነ የሚናገረውን ሜታሊክ ማፕሽን ደግሞ አስተካክዪው። ሁሉንም 0.5 አድርገሽዋል። ግማሽ ብረት የሚባል ነገር የለም። ቀለም የተቀባ ብረት ላይ ብርሃኑ የሚያገኘው ቀለሙን ስለሆነ ቀዩ ቅብ 0 ነው፣ የተላጠው ብረት 1፣ ዝገቱ እንደገና 0። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ብረት ያልሆኑ አብዛኞቹ ነገሮች ፊት ለፊት ሲታዩ 4 በመቶ ያህል ብርሃን ነው የሚመልሱት፤ ንጹሕ ብረት ከግማሽ በላይ ይመልሳል።

ቤዝ ከለር ላይ ጥላ አትቀቢ፤ ጥላው የጌም ኢንጂኑ (ጨዋታውን የሚያስኬደው ሶፍትዌር) ሥራ ነው። ፍጹም ጥቁርና ፍጹም ነጭም አታስገቢ። ከሰል እንኳ ፍጹም ጥቁር አይደለም። ከ0 እስከ 255 በሚሄደው የቀለም ልኬት ላይ ከ30 እስከ 240 ባለው ውስጥ ከቆየሽ አትሳሳቺም። ራፍነስ፣ ሜታሊክና ኖርማል ማፕ (ጉብታና ጎድጓዳ የሚያስመስለው ምስል) ብሌንደር ውስጥ «ነን-ከለር» ላይ፣ ማለትም እንደ ቀለም ሳይሆን እንደ ቁጥር በሚነበቡበት ምርጫ ላይ መሆናቸውንም እዪ። ሥራውን አንሪል ወደሚባለው የጌም ኢንጂን ከወሰድሽው የኖርማል ማፑን አረንጓዴ ቻነል ገልብጪው፤ አለዚያ ጉብታው ጎድጓዳ ሆኖ ይታያል።

4ኬ ላልሽው፣ አያስፈልግሽም። በጌም ሥራ በሜትር 512 ወይም 1024 ፒክሰል የተለመደ ልኬት ነው። ሳጥንሽ ግማሽ ሜትር እንኳ አይሞላም። 4ኬ የ2ኬን 4 እጥፍ ፒክሰል ይይዛል፤ ያለምክንያት ከተጠቀምሽበት ሜሞሪ የማትቆጥብ ሰው ትመስያለሽ። ሶፍትዌሩንም አሁን አትግዢ። ቴክስቸር የሚሠራበት የሰብስታንስ ፔይንተር ስም የሥራ ማስታወቂያ ላይ ስለሚደጋገም ውሎ አድሮ መልመድሽ አይቀርም። የዚህ ሳጥን ችግር ግን ባለሽ ብሌንደር ይፈታል። ለመብራት የሚሆን ኤችዲአርአይ (የአካባቢን ብርሃን የያዘ የዙሪያ ምስል) ከፖሊ ሄቨን ድረ ገጽ በነጻ ታገኛለሽ።

ፖርትፎሊዮሽ ውስጥ ካሉት ፕሮፖች ደካማዎቹን ያለ ርኅራኄ አውጪያቸው። ቀጣሪ የሚመዝንሽ በደካማው ሥራሽ ነው፤ ሦስት ጥሩ ፕሮፕ ይበቃል። ከእያንዳንዱ ጋር ዋየርፍሬሙን (የሞዴሉን የመስመር አጽም)፣ ሞዴሉ የተሠራባቸውን ትራያንግሎች ብዛት፣ ማፖቹንና የተነሳሽበትን የእውነተኛ ዕቃ ፎቶ አስቀምጪ። ፎቶውን ባትደብቂው ይሻላል፤ አይተሽ እንደምትሠሪ ያሳያል።

ሳጥኑ ሲያልቅ ለዚያው ስቱዲዮ መልሰሽ ጻፊ። ረጅም ደብዳቤ አይሁን። «ስለ ቴክስቸሩ የሰጣችሁኝን አስተያየት ይዤ ድጋሚ ሠርቼዋለሁ» በይና የድሮውንና የአዲሱን ምስል በአንድ ዓይነት መብራት፣ ጎን ለጎን አድርገሽ ላኪላቸው።