ካሪቢያን ባሕር ውስጥ ባለችው በቦኔር ደሴት መልህቅ መጣል ይቻላል ወይ ላልከው

አይቻልም። በሸራ ጀልባ ቦኔር ደርሰን ሦስት ቀን ልንጠልቅ ነው፣ ኮራሉ (ባሕር ሥር እንደ ድንጋይ ሆኖ የሚያድገው ሕያው ነገር) አጠገብ መልህቅ ብንጥልስ ብለሃል። በደሴቲቱ ዙሪያ ያለው ባሕር ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የባሕር ፓርክ ነው፤ አንድ መልህቅ ደግሞ ስንት ዓመት የፈጀ ኮራል ባንዴ ይሰብራል። ክራሌንዳይክ ከተማ ፊት ለፊት የተዘጋጁ ተንሳፋፊ ማሰሪያዎች አሉ፣ በየሌሊቱ እየከፈላችሁ እዚያ እሰሩ። ከሞሉ ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ ወደብ) መግባት ነው።

ስትደርሱ፦

1. መጀመሪያ የጉምሩክና የኢሚግሬሽን ጉዳያችሁን ጨርሱ።
2. ከመጥለቃችሁ በፊት የፓርኩን ክፍያ ክፈሉ። የመጀመሪያዋ ጥልቂያ የመለማመጃ ናት፣ አትዝለሏት።
3. ጓንት ጀልባው ላይ ይቅር፣ ጓንት አድርጎ መጥለቅ ክልክል ነው።

ከዚያ ፒክአፕ ተከራዩ። መንገድ ዳር የመጥለቂያው ቦታ ስም የተጻፈባቸው ቢጫ ድንጋዮች ታያላችሁ። እዚያ አቁማችሁ፣ የአየር ታንካችሁን አዝላችሁ፣ ከባሕሩ ዳር በእግራችሁ ትገባላችሁ። እኔ ከጀልባ ከመጥለቅ ይሄኛውን እመርጣለሁ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ማሰሪያዎቹ ያሉት በምዕራብ በኩል ነው፤ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከምሥራቅ ስለሚመጣ ውሃው ረጋ ይላል። ነፋሱ የዞረ ቀን ግን ማዕበሉ በቀጥታ ወደ እናንተ ነው የሚመጣው። እኛን ሌሊት ላይ ነው የያዘን፣ የጀልባችን ኋላ ወደ ድንጋዩ ዞሮ ማዕበሉ ዳርቻውን ሲመታ ተኝተን እንሰማው ነበር፣ ጠዋት ሳየው አንደኛው ገመድ ግማሹ ተበልቷል። ስለዚህ ጀልባችሁን እንዳሰራችሁ የመጥለቂያ መነጽር አድርጋችሁ ውረዱና ገመዱን እስከ ታች ድረስ በዓይናችሁ እዩ። የምዕራብ ነፋስ ይመጣል ከተባለ ደግሞ ሳይመሽ ማሪና ግቡ።