የወንዝ ልጅነትና የጠዋት መንገድ

ውድ ወጣቶች፣

የገጠር ወረዳ ለማጥናት፣ ለማቀድ ወይም ለማስተዳደር ስትመደቡ በመጀመሪያ እጃችሁ የሚገባው ካርታ ነው። በካርታው ላይ ወሰኑ በደማቅ መስመር ተሰምሯል። ነዋሪው ግን «የእኛ ሰው» የሚለው በመስመሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ አይደለም፤ ገበያ ላይ፣ ትምህርት ቤት በር ላይ፣ መኪና መጠበቂያው ላይ ደጋግሞ የሚያየውን ነው። ስለዚህ ከወሰኑ በፊት መንገዱን አጥኑ።

ይህን ከማንም አስቀድሞ በግልጽ ያሳየው አሜሪካዊው የገጠር ኑሮ ተመራማሪ ቻርልስ ጋልፒን ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1915 የታተመው ጥናቱ የተካሄደው በአሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ በዋልዎርዝ ካውንቲ (ካውንቲ የአስተዳደር ክልል ነው) ነው። ዘዴው ቀላል ነበር፤ ከከተማው በመንገዱ እየራቁ በየገበሬው ደጅ የጋሪ ጎማ ዱካ ወዴት እንደሚታጠፍ ማየት። ዱካው ጀርባውን ለከተማው መስጠት የሚጀምርበት ቦታ የከተማው ተጽዕኖ ማብቂያ ነው። ካውንቲው እያንዳንዱ ጎኑ 6 ማይል በሆነ አራት ማዕዘን የተከፋፈለ ነበር፤ የ12ቱ ከተሞች የገበያ ክልል ግን በእነዚያ መስመሮች ላይ እንዳሻው ያልፍ ነበር። የባንኩ፣ የወተቱ፣ የጋዜጣውና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ክልልም እርስ በርሱ አይገጥምም።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ለእያንዳንዱ መንደር ሥራ፣ ገበያ፣ ትምህርት ቤት፣ ሕክምና፣ አምልኮና ቀብር የት እንደሆነ ጠይቁና ለየብቻ መስመር አስምሩ። መስመሮቹ የሚደራረቡበት የማንነቱ እምብርት ነው። ለሥራ ወዲህ፣ ለቀብር ወዲያ የሚሄዱ የዳር መንደሮች ደግሞ ሁለት ቦታ የሚኖሩ ናቸው። በስብሰባ ላይ ዝም ሲሉ «ግድ የላቸውም» ብላችሁ አትፍረዱባቸው፤ የተጠሩት ግማሽ ኑሯቸው ወደሌለበት ስለሆነ ነው።

ርቀትን በኪሎ ሜትር አትለኩ፤ በደቂቃ ለኩ፣ ያውም ሰው በሚጓዝበት ሰዓት፣ በደርሶ መልስ፣ በበጋም በዝናብም። ከወንዝ ማዶ 2 ኪሎ ሜትር የሚርቅ መንደር ድልድይ ከሌለው ከ20 ኪሎ ሜትሩ ይልቅ ባዕድ ሊሆን ይችላል። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1974 ሀምበርሳይድ የሚባል ካውንቲ በሰፊው የሀምበር ወንዝ አፍ ግራና ቀኝ ተመሠረተ። ድልድዩ የተከፈተው በ1981 ነው፤ ያውም በክፍያ። በሰሜን ያለው ራሱን የዮርክሻየር፣ በደቡብ ያለው የሊንከንሻየር ሰው ማለቱን አልተወም፤ ካውንቲው በ1996 ፈረሰ። ድልድይ መንገድ ያሳጥራል እንጂ ለትውልዶች የተለየውን ዝምድና በ15 ዓመት አይፈጥርም።

ከቤት ወደ ሥራ የሚመላለሰውን ሰው ቁጥር በሰንጠረዥ አስቀምጡ፦ በረድፉ መኖሪያ፣ በዓምዱ የሥራ ቦታ። ለምሳሌ ሥራ ያላቸው ነዋሪዎች 4,000፣ በወረዳው ያሉ ሥራዎች 3,000፣ እዚያው ኖረው እዚያው የሚሠሩት 2,600 ቢሆኑ፣ ሥራ ካለው ነዋሪ 65 በመቶው እዚያው ይሠራል፣ ከሥራው ደግሞ 87 በመቶ ገደማው በነዋሪው የተያዘ ነው። ሁለቱን ሳታወዳድሩ አትደምድሙ። የመጀመሪያው ዝቅ ብሎ ሁለተኛው ከፍ ካለ ብዙ ሰው ለማደር ብቻ የሚመለስበት ወረዳ እየሆነ ነው፤ ሥራ ፍለጋ ከውጭ የሚመጣው ግን ጥቂት ነው።

ስህተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። ቤቱ ሆኖ ሥራውን የሚሠራ ሰው እዚያው እንደሚሠራ ስለሚቆጠር ቁጥሩን ያሳብጣል። ሳምንቱን ውጭ አድሮ ቅዳሜ የሚመለሰው፣ በመከር ብቻ የሚሄደውና ሁለት ሥራ ያለው በአንድ ጥያቄ አይያዙም። ከሁሉ የከፋው አማካይ ነው፦ ግማሹ 5፣ ግማሹ 65 ደቂቃ ሲጓዝ አማካዩ 35 ደቂቃ ይሆናል፤ 35 ደቂቃ የሚጓዝ ሰው ግን አንድም የለም። ሁለቱ ወገኖች ጎረቤት ሆነው የሚገናኙበት ሰዓት የላቸውም። ስለ መሬትና ስለ ውሃ የሚያወራው አንዱ ነው፤ ሌላው ስለ መንገድና ስለ ነዳጅ። ይህን ክፍተት ካላያችሁ የአካባቢውን ጠብ ሁሉ የነባርና የመጤ ጠብ ታደርጉታላችሁ።

ማንነትን በቀጥታ «የየት ነህ?» ብሎ መጠየቅም ያሳስታል፤ መልሱ እንደ ጠያቂው ይለዋወጣል። ለጎረቤቱ የመንደሩን ስም፣ ለወረዳ ከተማው ሰው የወንዙን ወይም የተራራውን፣ ለሩቅ እንግዳ የትልቁን ከተማ ስም ይነግራል። ሦስቱም እውነት ናቸው። «እዚህ ለሚኖር ሰው፣ ከተማ ላለ ሰው፣ ሩቅ አገር ላለ ሰው የየት ነኝ ትላለህ?» ብላችሁ ሦስቴ ጠይቁና ሦስቱንም መዝግቡ።

ውጤቱን ይዛችሁ መጀመሪያ የምትነኩት የስብሰባውን ሰዓት ይሁን። የመጨረሻው መኪና የሚገባው ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ከሆነ ለ11 ሰዓት የተጠራ ስብሰባ የወረዳውን ግማሽ ሕዝብ ዘግቷል። ወደ 2 ሰዓት ግፉት፤ አለዚያም መንገደኛው የማይወጣበትን ቀን ምረጡ። ማታ መውጣት ለማይችሉት፣ በተለይም ትንንሽ ልጆች ላሏቸውና ለአረጋውያን፣ ቀን ላይ ሁለተኛ ስብሰባ ያዙ፤ የሁለቱንም ቃለ ጉባኤ በአንድ መዝገብ አስገቡት።