ኢንቨርተሩ ተቀይሮም ያው ኮድ ከመጣ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፤ ደብረ ብርሃን ባለ ዱቄት ፋብሪካ የ22 ኪሎ ዋት ብሎወር (ነፋስ የሚገፋ ማሽን) የሚነዳው ኢንቨርተር፣ ማለትም የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው መሣሪያ፣ ማቆሚያው በተጫነ ቁጥር «ኦቨር ቮልቴጅ» (ቮልቴጅ በዛ) የሚል የብልሽት ኮድ ጽፎ ይዘጋል። መብራት ሄድ መለስ ሲል ደግሞ «ኦቨር ከረንት» (አምፔር በዛ) ይላል። በአዲስ ተተክቶም ለውጥ የለም። «ሌላ ዓይነት እንግዛ ወይ?» ብለዋል።

አይግዙ። እኔም ከዓመታት በፊት በአንድ የመኖ ፋብሪካ ደህናውን ኢንቨርተር «ተበላሽቷል» ብዬ አስቀይሬ አውቃለሁ። የውጭ ምንዛሪ ተጠብቆ፣ ዕቃው መጥቶ፣ ተገጥሞ ማቆሚያውን ስንጫን ያንኑ ኮድ ጻፈ። የዚያን ዕለት ሥራ አስኪያጁ ያየኝ አስተያየት ዛሬም አይረሳኝም። ለካ የአሮጌውን ፓራሜትሮች (ውስጡ የሚሞሉትን ማስተካከያዎች) አንድ በአንድ ስገለብጥ ጥፋቱንም አብሬ ገልብጬው ኖሯል! እርስዎም እንዲሁ አድርገው እንደሆነ እጠረጥራለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚገባው 380 ቮልት ተጣርቶ ወደ ዲሲ ሲለወጥ 540 ቮልት ገደማ ይሆናል። ብሎወር ከባድ ጎማ፣ ማለትም ነፋሱን የሚገፋ ተሽከርካሪ ብረት አለው፤ አንዴ ከዞረ በቀላሉ አይቆምም። ኢንቨርተሩ «በ10 ሰከንድ አቁም» ተብሎ ከታዘዘ የሞተሩን ፍጥነት የሚወስነውን ፍሪኩዌንሲ ቶሎ ያወርዳል፤ ጎማው ግን እሺ አይልም። ያን ጊዜ ሞተሩ መነዳቱ ቀርቶ እንደ ጄኔሬተር ኃይል ወደ ኋላ ይልካል። ኃይሉ በመጣበት መስመር ወደ መብራት ኃይል መመለስ ስለማይችል ኢንቨርተሩ ውስጥ ባሉት ኃይል አጠራቃሚ ካፓሲተሮች ላይ ይከማቻል፤ 800 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ኢንቨርተሩ ራሱን ለማዳን ይዘጋል። እንግዲህ ሥራውን በትክክል የሠራውን ዕቃ ነው የቀየራችሁት።

ለማረጋገጥ ማሳያው ላይ የዲሲ ቮልቴጁን አውጥተው ማቆሚያውን ይጫኑ፤ ቁጥሩ ሽቅብ ሲሮጥ በዓይንዎ ያዩታል። ሞተሩ ሳይዞርም ከ620 በላይ ከሆነ ግን ችግሩ ከገቢው መስመር ነው፤ የትራንስፎርመሩ ታፕ (ቮልቴጁን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ማስተካከያ) ይታይ።

መፍትሔው ገንዘብ አያስወጣም። የማቆሚያውን ዓይነት በራሱ ጊዜ ዞሮ እንዲቆም አድርገው ይለውጡት፤ ወይም የመቀነሻ ጊዜውን ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ያርዝሙት። ብሬክ ሬዚስተር (የተመለሰውን ኃይል ወደ ሙቀት ለውጦ የሚያባክን ዕቃ) ግዙ የሚል ሰው አይጠፋም፤ ለክሬንና ለሊፍት ተገቢ ነው፤ ቶሎ መቆም ለማያስፈልገው ብሎወር ግን ብክነት ይመስለኛል።

ሁለተኛው ኮድም ከዚያው ጎማ የሚመጣ ነው። መብራት ለጥቂት ሰከንድ ሄዶ ሲመለስ ብሎወሩ ገና እየዞረ ነው። ኢንቨርተሩ ይህን ሳያውቅ ከዜሮ ሊያስነሳው ሲሞክር ከሚዞረው ሞተር ጋር ይጋጫል፤ አምፔሩም ይተኮሳል። «ፍላይንግ ስታርት» ወይም «ስፒድ ሰርች» የሚባለውን ፓራሜትር ይክፈቱ፤ ሞተሩ ያለበትን ፍጥነት ፈልጎ ከዚያ ይቀጥላል። ሌላ ብሎወር በዚያው ቱቦ ላይ ካለ ደግሞ የቆመውን ነፋሱ ወደ ኋላ ሊያዞረው ይችላልና፣ ጠዋት ከማስነሳትዎ በፊት ወደ ቺንጊያው (ቀበቶው) አንድ ጊዜ ብቅ ብለው ይዩ።

ሳይጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። አብዛኞቹ አምራቾች ከ1,000 ሜትር በላይ ለየ100 ሜትሩ የአምፔሩን አንድ በመቶ ይቀንሳሉ፤ አየሩ ስለሚሳሳ ሙቀት በደንብ አያወጣም። ስለዚህ 45 አምፔር የተጻፈበት ኢንቨርተር እናንተ ዘንድ 37 አምፔር ገደማ ይሆናል፤ የ22 ኪሎ ዋት ሞተር ግን ሲሞላ ከ40 በላይ ይስባል። ብርዱ ጥቂት ያካክሳል፤ የዱቄቱ ብናኝ የማቀዝቀዣውን ፋን ሲዘጋው ግን እሱም አያድንም። ወደፊት የግድ መግዛት ቢመጣ 30 ኪሎ ዋት ይውሰዱ።

አሮጌው ደህና መሆኑን ለማወቅ ኤሌክትሪኩን ቆርጠው ቢያንስ 10 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ዲሲው መውረዱን በመልቲሜትር ለክተው ያረጋግጡ። ከዚያ የሞተሩን ገመድ ፈትተው፣ መልቲሜትሩን ዲዮድ መለኪያው ላይ አድርገው ከኢንቨርተሩ የዲሲ ፕላስና ማይነስ ወደ ሦስቱ የሞተር መውጫዎች ይለኩ። ስድስቱም ንባብ ተቀራራቢ፣ ከ0.3 እስከ 0.5 ቮልት አካባቢ ከሆነ ትራንዚስተሮቹ አልተነኩም ማለት ይቻላል። ሜገር (በከፍተኛ ቮልቴጅ የሽቦ መከለያን የሚፈትሽ መለኪያ) ከፈለጉ ሞተሩን ብቻ ይለኩ፣ ገመዱ ከኢንቨርተሩ ተፈትቶ። እኔ ሳልፈታ ሜገር ሰጥቼ አንድ ሙሉ ኢንቨርተር ያቃጠልሁበት ቀን አለ፤ ዝርዝሩ ይቅርብኝ።

ደህና ከሆነ አይሽጡት፣ መጠባበቂያ ይሁን። በዓመት አንድ ጊዜ ግን ያለ ሞተር ለጥቂት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይስጡት፤ ካፓሲተር ለረጅም ጊዜ ሳይሞላ ከቆየ ይደክማልና፣ ድንገት ሙሉ ቮልቴጅ ሲያገኝ ሊፈነዳ ይችላል።