ፊት ለፊት መቁጠር

ልጆቼ፣

ሥራዬ የሰው ብር መቁጠር ነበር። ድሬዳዋ ምድር ባቡር ደመወዝ ከፋይ ነበርኩ። ሠራተኛው ይፈርማል፣ እኔ ጣቴን ምራቅ አስነክቼ ቆጥሬ እሰጠዋለሁ፣ እሱም እዚያው ፊቴ ላይ ደግሞ ይቆጥረዋል። አልቀየምም ነበር።

ቴሌብር በ2013 ሲመጣ "ይሄ ደግሞ ምን ጣጣ ነው?" ያልኩ ሰው ነኝ። አሁን እኔም በእሱ ነው የምከፍለው። የእህቴ ልጅ ግን ባጃጁንም ማኪያቶውንም በስልኳ ነው። አንድ ማታ ከዚራ ቁጭ ብለን የወሩን ወጪዋን ከስልኳ ላይ ደመርን። 50 እና 100 እየሆነ የወጣው ብቻ ከቤት ኪራይ ድርሻዋ በለጠ። "አቦ፣ ይሄ ሁሉ የኔ ነው?" አለች። እኔ ዕድሜ ልኬን በመዝገብ የለቀምኩትን ስልኩ ሳይሳሳት ጽፎላታል። ገልጣ አታየውም እንጂ።

በስልክ የሚገኘውም ብድር ብድር ነው። ዕቃ አምጥተህ ልትሸጥ ከሆነ ተበደር። ለበርጫ ግን አደራ።

ሐምሌ 1998 የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሲሞላ ስንቱን ሰው በላ። አንዲት ጎረቤቴ ነፍሷ ተረፈች፣ የቆርቆሮ ሣጥኗ ግን ከነጥሪቷ ሄደ። ያቋቋማት ዕቁቧ ነው። ተራዋ ገና ነበር፤ ዕቁብተኛው ተነጋግሮ አስቀደማት። ከዚያ ወዲህ ብሬን አንድ ቦታ አላስቀምጥም። ጥቂት ባንክ፣ ጥቂት ዕቁብ፣ ጥቂት ስልክ ላይ።

ስልኩም የራሱ ጎርፍ አለው። አምና አንድ ሰው ደወለ። "አባቴ፣ ሽልማት ደርሶዎታል፣ በመልዕክት የገባልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ።" ስንት ዓመት ካዝና የያዝኩ ሰው፣ ከስድስቱ ሦስቱን አነበብኩለት! ባለቤቴ ከጓዳ "ማነው?" ስትለኝ ነው የባነንኩት። ያ ቁጥር የካዝናው ቁልፍ ነው። አፍሬ ለወለድኳቸው ልጆቼ እንኳ የነገርኳቸው ቆይቼ ነው።

ባለፈው ሳምንት ታይዋን ገበያ ሸሚዝ ገዛሁ። ከፍዬ፣ የደረሰኝን መልዕክት ለባለሱቁ ልጅ አሳየሁት። ዞር ብሎም አላየው። የውሸት መልዕክት እያሳዩ ዕቃ ይዘው የሚሄዱ አሉ። "አንዴ ይጠብቁኝ አባባ" አለና የራሱን ስልክ አውጥቶ ቀሪ ሂሳቡን አየ።

አልተቀየምኩም።