የትል ብዛት የባሕር ወለል ጤንነት ምልክት አይደለም

«ከፍሳሽ ቧንቧው አፍ አጠገብ የወሰድነው የባሕር ጭቃ በትል የተሞላ ነው፤ ታዲያ ፍሳሹ ምን ጎዳ?» ብለው ለጠየቁት፦ ከብዛታቸው በፊት ስንት ዓይነት እንደሆኑ ይመልከቱ። ጉዳቱ የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

ከፍሳሹ የሚዘቅጠውን ብስባሽ ባክቴሪያዎች ሲያፈርሱት በጭቃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ከዚያ ኦክስጅን የማይሹ ሌሎች ባክቴሪያዎች በባሕር ውሃ ውስጥ በሚገኘው ሰልፌት በሚባል ጨው እየተጠቀሙ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ያመነጫሉ፤ ይህም ለአብዛኞቹ እንስሳት መርዝ ነው። ጭቃውን በጠርሙስ ቱቦ ሳይናወጥ ቢያወጡት በዓይን ይለያል። ንጹሕ ቦታ ላይ ኦክስጅን ያለበት ቡናማው ንብርብር ወደ ታች ይዘልቃል፤ ቧንቧው አጠገብ ግን ኦክስጅን የሌለበት ጥቁሩ እስከ ላይ ደርሶ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል።

በዚያ ጥቁር ጭቃ የሚበዛው ብዙ ጊዜ ካፒቴላ የሚባለው ቀጭን ቀይ ትል ነው። ቅላቱ ኦክስጅን የሚይዘው የደም ንጥረ ነገር፣ የሄሞግሎቢን፣ ነው፤ ኦክስጅን ባነሰበት እንዲኖር ይረዳዋል። በጥቂት ሳምንታት ለመራባት ስለሚደርስ ሌሎቹ ሲሞቱ ቦታውን ይወርሳል። እኔን የሚያሳዝኑኝ የጠፉት ናቸው፦ በጥልቀት እየቆፈሩ ውሃና ኦክስጅን ወደ ጭቃው የሚያስገቡት፣ ዕድሜያቸው ረዘም ያለ ትልልቅ ትሎች። እነሱ ሲያልቁ ጭቃው መተንፈሻ ያጣል፣ ጉዳቱም ይብሳል።

ተመራማሪዎቹ ፒርሰንና ሮዘንበርግ በ1978 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት ከብክለቱ ምንጭ ሲርቁ የዝርያው ዓይነት እየጨመረ ይሄዳል። ስለዚህ ናሙናውን ከቧንቧው በተለያየ ርቀት፣ ጥልቀቱና የጭቃው ዓይነት ተመሳሳይ ከሆነ ቦታ ይውሰዱ። ትሎቹን ከጭቃው የሚለዩበት ወንፊትም ቀዳዳው 0.5 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ በ1 ሚሊ ሜትሩ ትንንሾቹ ካፒቴላዎች ያመልጣሉ።