ሽልማቱን ያገኘው የት ሆኖ ነው?

ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ? በችግኝ ጣቢያ ሥራ 31 ዓመት ሠርቻለሁ። ግማሹን ኮምቦልቻ፣ ግማሹን ደሴ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ውሎዬ ጓሮዬ ውስጥ ነው። ሰሞኑን የሰፈር ልጆች ስልካቸውን ይዘው እየመጡ «ይሄ ተክል ተሸላሚ ነው፣ ዘሩን ከውጭ እናስመጣው?» ይሉኛል። ጥያቄው ደስ ይለኛል፤ ለጓሮው የሚጨነቅ ወጣት ሳይ ልቤ ይሞቃል። ለአንድ ለአንዱ ከምመልስ ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ነው።

ሽልማቱን አትናቁት። እንግሊዝ አገር ያለው የንጉሣዊው የአትክልት ማኅበር ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለጓሮ ተክል ሽልማት ይሰጣል፤ ምልክቱ ትንሽ ዋንጫ ናት። አበባው ስላማረ ብቻ አይሸልሙትም። ተክሉ ጠንካራ መሆን አለበት። ተባይና በሽታ በቀላሉ የማይጥለው፣ ቀለሙና ቅርጹ ከዓመት ዓመት የማይለዋወጥ፣ ተራው ሰው ገበያ ላይ የሚያገኘው መሆን አለበት። ይህን ማሟላት ሲያቅተው ሽልማቱን መልሰው ይነጥቁታል። አሜሪካኖቹ ደግሞ ከ1932 ጀምሮ አዳዲስ ዘሮችን በብዙ ቦታ እየዘሩ፣ ሰው ከሚያውቀው ዘር ጎን አስቀምጠው ያወዳድራሉ። ይሄ ሁሉ የምር ሥራ ነው። እኔም ከእነሱ ብዙ ተምሬያለሁ።

ግን የት? ሁልጊዜ ይህን ጠይቁ። የት ሆኖ ተሸለመ?

አንድ ጊዜ ከእንግሊዝ የመጣ የሽንኩርት ዘር እጄ ገባ። ፓኬቱ ላይ ዋንጫዋ አለች፤ ሥዕሉ ላይ ያለው ሽንኩርት የሕፃን ልጅ ራስ ያክላል። ደሴ ጓሮዬ ውስጥ መደብ አወጣሁ፣ ፍግ አለበስኩ፣ ዘራሁ። ደህና በቀለ። ቅጠሉ አረንጓዴ፣ ወፍራም፣ ያየው ሁሉ የሚያደንቀው ሆነ። ስድስት ወር ጠበቅኩት። ስነቅለው ሥሩ ላይ ሽንኩርት የለም፤ እንደ ባሮ ሽንኩርት ቀጥ ያለ አንገት ብቻ። ለጎረቤቶቼም ከዘሩ አካፍያቸው ስለነበር የእነሱም መደብ ባዶ ወጣ። እስካሁን የሚቆጨኝ ይሄኛው ነው፤ ውሃ የሚቀዱት ከሩቅ ነበር።

ምክንያቱን ያወቅሁት በኋላ ነው። ሽንኩርት ማኮረት፣ ማለትም ሥሩ ላይ ራስ መቋጠር፣ የሚጀምረው የቀኑን ርዝመት ለክቶ ነው። የሰሜኑ አገር ዘር 14፣ አንዳንዱም 16 ሰዓት ብርሃን ካላገኘ አያኮርትም። በሰኔ ለንደን ላይ ቀኑ ከ16 ሰዓት ያልፋል። ደሴ ላይ ዓመቱን ሙሉ ብትጠብቁ ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት አይሞላም። ዘሩ ጤነኛ ነበር፣ አፈሩም ጥፋት የለበትም። የሚጠብቀው ቀን እኛ ዘንድ የለም፣ በቃ። አዳማ ቀይ ወይም ቦምቤ ቀይ ዘርቼ ቢሆን ኖሮ ሁላችንም ሽንኩርት እንበላ ነበር፤ እነሱ የሚያኮርቱት በእኛው 12 ሰዓት ቀን ነው።

የቀኑ ርዝመት አንድ ነገር ነው፣ ከፍታው ደግሞ ሌላ። ኮምቦልቻና ደሴ በመኪና አንድ ሰዓት አይፈጅም። ግን ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 ገደማ። 1,000 ሜትር በወጣችሁ ቁጥር ሙቀቱ ወደ 6 ዲግሪ ይቀንሳል። ስለዚህ ሐረጎን ወጥታችሁ ደሴ ስትገቡ 4 ዲግሪ ያህል ጥላችሁ ነው የመጣችሁት። በኅዳር ሌሊት ይቺ 4 ዲግሪ ቲማቲሙ ቀልቶ በመበላቱና በውርጭ ተቃጥሎ በማደሩ መካከል ያለች ልዩነት ናት። ደሴ ውስጥም ቢሆን ሁሉም ጓሮ አንድ አይደለም። ብርድ አየር እንደ ውሃ ወደ ታች ይወርዳል። ተዳፋት ላይ ያለ ጓሮ ሲተርፍ ከሥሩ ረባዳው ላይ ያለው ይጠቁራል። ቦሩ ሜዳ ያላችሁ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

እንግሊዞቹ ለዚህ የሚረዳ ነገር አላቸው። እያንዳንዱ ተክል የሚችለውን ብርድ በቁጥር ይጽፋሉ፣ ከኤች 1 እስከ ኤች 7። ቁጥሩ ሲያድግ ብርድ የመቻል አቅሙ ያድጋል። ኤች 2 ማለት ቅዝቃዜን ይችላል፣ ውርጭን ግን አይችልም ማለት ነው። ኤች 3 ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ድረስ ይታገሳል። ደሴ ላላችሁ ኤች 3 የተጻፈበትን ፈልጉ። ኮምቦልቻ ኤች 2 ይበቃችኋል። ከዚያ በላይ ለሆነ ቁጥር አትጓጉ፤ እንደ ቱሊፕ ያሉት ብዙዎቹ ረጅም የብርድ ወራት ተኝተው ካልከረሙ ማበብ እንቢ ይላሉ።

ደግሞ ይህን ስሙኝ። ድፎ ዳቦ የምንጋግርበት ኮባ አለ አይደል? እንሰት የሚሉት። እሱ የዚያ የእንግሊዝ ማኅበር ተሸላሚ ነው! ቅጠሉ ቀላ የሚለውና ሞሬሊ ብለው የሚጠሩት ዓይነትም እንደዚሁ። እነሱ ለጌጥ ይተክሉታል፤ ብርዱ ሲመጣ ነቅለው ቤት ያስገቡታል ወይም ጠቅልለው ያኖሩታል። እኛ ግን ቡና ካጠብንበት ውሃ በቀር ምንም ሳንሰጠው ጓሮ ውስጥ ቆሞ ይከርማል። ከኢትዮጵያ እስከ ማላዊ የሚበቅል አንድ ነጭ ግላዲዮለስም አለ፣ መሐሉ ወይን ጠጅ፣ ማታ ማታ የሚሸት። እሱንም ሸልመውታል፣ ስሙንም አቢሲኒያን ግላዲዮለስ ብለውታል። ቀጋችንስ? ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮው የሚበቅል የጽጌረዳ ዘር እሱ ብቻ ነው። እሾሁን ፈርተን አጥር ጥግ ጣልነው እንጂ ነጭ አበባው እኮ ያምራል፣ ፍሬውም ይበላል።

ጽጌረዳ ካልኩ አይቀር፣ ለጀማሪ አይስበርግ የሚባለውን ነጩን እመክራለሁ። ጀርመን አገር በ1958 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፣ በ1983 የዓለም የጽጌረዳ ማኅበራት ከምርጦቹ ተርታ መዝግበውታል። ብርዳችን ይስማማዋል። ክረምቱ ግን ቅጠሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያመጣበታል። ስለዚህ አጠጋግታችሁ አትትከሉት፣ አየር ይግባበት። ውሃም ሥሩ ላይ እንጂ ቅጠሉ ላይ አታፍስሱ። የረገፈውን ቅጠል ለቅማችሁ አርቁ፤ በሽታው እዚያ ላይ ነው የሚከርመው።

ሌላው ዘር ነው። ተሸላሚ ከሆኑት አትክልቶች ብዙዎቹ ኤፍ 1 የሚባሉ ድቅሎች ናቸው። አንድ ዓመት ግሩም ምርት ይሰጣሉ። ከፍሬያቸው ዘር አውጥታችሁ ስትዘሩት ግን አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ዘግይቶ የሚደርስ እየሆነ ይበታተናል። በየዓመቱ ለመግዛት አቅም ካለ ችግር የለውም። ከሌለ ግን ገና ሳትጀምሩት እወቁት።

ታዲያ እንዴት እንምረጥ ትሉኛላችሁ። ደሴ ያለ ልጅ ሁለት ጊዜ በሰፈሩ በእግሩ ይዙር፣ ሆጤም ይሁን ቧንቧ ውሃ። አንዴ በታኅሣሥ ጠዋት፣ ውርጭ ባደረ ማግሥት። አንዴ በግንቦት መጨረሻ፣ በተለይ በልጉ በቀረበት ዓመት። በሁለቱም ጊዜ በአጥር ላይ አረንጓዴ ሆኖ ያያችሁትን ጻፉት። በኔ ዓይን ዋንጫው ለእሱ ይገባል። ከውጭ የመጣውንም አትከልክሉት፣ ግን ሁለት ሦስት እግር ብቻ አንድ ዓመት ሙሉ ሞክሩት። ስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ያሉት ተመራማሪዎችም አንድን ዘር ለገበሬ ከመስጠታቸው በፊት በተለያየ ቦታና ወቅት ደጋግመው ይፈትኑታል፤ እናንተ ለጓሯችሁ አንድ ዓመት ብትታገሱ ምንም አይደለም፣ አብሽሩ።

ከዚያ የጻፋችሁትን ይዛችሁ የተክሉን ባለቤት በር አንኳኩ። ብዙውን ጊዜ እድሜያቸው የገፋ እናት ናቸው። «እማማ፣ ከዚህ ጽጌረዳ አንድ ቅርንጫፍ ይስጡኝ» በሉ፤ ወሎ ውስጥ ይህን ብሎ ባዶ እጁን የተመለሰ ልጅ አላየሁም። እርሳስ የምታክል፣ አንድ ስንዝር ርዝመት ያላት ትሁን። ሐምሌ ሲገባ ግማሿን አፈር ውስጥ ቅበሯት። ቡና ጠጡ ሲሏችሁም አትቸኩሉ። በስንት ቀን እንደሚያጠጡት፣ መቼ እንደሚገርዙት፣ የትኛው ዓመት ሊሞትባቸው እንደነበር የሚያወሩት ከአቦሉ በኋላ፣ ቶናው ሲቀዳ ነው።